የልጃችሁን መልእክት ተደብቃችሁ ከማንበባችሁ በፊት

ቴሌግራም ላይ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው የተጻጻፉትን ከሁለቱ አንዱ በፈለገ ጊዜ ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ነው። መልእክቱ የትናንትም ይሁን የአምና ይጠፋል፤ እዚያ ቦታ አንድ ነገር እንደነበረ የሚናገር ምልክት እንኳ አይቀርም። ልጁ ከተኛ በኋላ ስልኩን ከቻርጀር ነቅሎ የሚያነብ ወላጅ እንግዲህ የሚያየው ልጁ የተጻጻፈውን ሁሉ አይደለም፤ ሳያጠፋ የተወውን ነው።

ይህን ያስቀደምኩት «ልጄ ሳያውቅ መልእክቱን እንዴት ላንብብ?» የሚለው ጥያቄ ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ ስለሚነሳ ነው። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን በድብቅ ማንበብ የሚያስገኘው መረጃ ጎደሎ ነው፣ የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ቀን የማይታወቅ ሰው ልጃችሁን ሲያስፈራራው፣ ልጁ ስልኩን ይዞ «እማዬ፣ እስኪ ይህን እዪልኝ» ብሎ መምጣቱ ከየትኛውም የስለላ አፕ ይበልጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያ ቀን ሲመጣ ልጁ ወደ እናንተ እንዲመጣ ለማድረግ ነው።

ስልኩ ምን ምን ሊደብቅ ይችላል?

ቴሌግራም «ሲክሬት ቻት» የሚባል መጻጻፊያ አለው። ስሙ አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ይታያል። የተጻጻፉት የሚቀመጠው በተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ አካውንት በሌላ መሣሪያ ብትከፍቱት አታገኙትም። መልእክቱ ከተነበበ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲጠፋም ሰዓት ይሞላለታል። ከዚህ ሌላ «አርካይቭ» አለ፤ ቻቶቹ ከዋናው ዝርዝር ወጥተው የሚቀመጡበት ነው፤ ከተደበቀ የሚገኘው ዝርዝሩን በጣት ወደ ታች ሲስቡት ብቻ ነው። በአንድ ቴሌግራም ውስጥ ያለ ክፍያ እስከ ሦስት አካውንት ማስገባትም ይቻላል። ወላጅ አንዱን አይቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ ሲመለስ ሁለተኛው አንድ ንክኪ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

ዋትሳፕም ቢሆን እንዲሁ ነው። መልእክት በ24 ሰዓት፣ በ7 ቀን ወይም በ90 ቀን ራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ፎቶ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ አንድን ቻት ለብቻው ቆልፎ፣ መፈለጊያው ላይ ሚስጥር ቃል ካልተጻፈ በስተቀር ጨርሶ እንዳይታይ ማድረግ ተችሏል። በዚህ ላይ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች አንዱን አፕ ሁለት የሚያደርጉበትና አፕ የሚደብቁበት የራሳቸው አማራጭ አላቸው።

ይህን የዘረዘርኩት እያንዳንዱን ቦታ እየተከታተላችሁ እንድትበረብሩ አይደለም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ከክፍል ጓደኛው በአንድ የዕረፍት ሰዓት ይማራል። መሰለሉን የጠረጠረ ልጅ ደግሞ መጻጻፉን አይተውም፤ ወደ እነዚህ ቦታዎች ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ የነበረው ነገር ከዚያ በኋላ ጓዳ ይገባል።

ስለ ስለላ አፖች

«የልጅዎን ሁሉንም መልእክት ከስልክዎ ሆነው ያንብቡ» የሚሉ አፖች በዩቲዩብና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ሞልተዋል። አሠራራቸውን ማወቅ በቂ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ፕሌይ ስቶር ላይ የሉም፤ ከድረ ገጽ በኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ፋይል ይወርዳሉ። ለመጫን «ፕሌይ ፕሮቴክት» የሚባለውን የስልኩን ጥበቃ አጥፉ ይላሉ። ከዚያ «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህ ፈቃድ የተሰጠው አፕ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ ማንበብ ይችላል፣ የሚተየበው ፓስወርድ ጭምር። የተነበበው ነገር ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ሄዶ ነው ለእናንተ የሚታየው። ጥበቃው የተነሳለት ስልክ ከዚያ በኋላ ለሌላም ተንኮለኛ አፕ ክፍት ነው፤ ያ ስልክ ላይ ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ ካለ ጉዳቱን አስቡት።

ይህ ስጋት በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ሬቲና ኤክስ በሚባል ድርጅት ላይ እርምጃ ወስዷል፤ ከሚሸጣቸው አፖች አንዱ «ቲንሺልድ» ለወላጆች ተብሎ የተሠራ ነበር፣ ሰርጎ ገብ ሁለት ጊዜ ገብቶ መረጃውን አግኝቶታል። በ2021 ደግሞ ያው ኮሚሽን ስፓይፎን የተባለውን ድርጅት ከዚህ ሥራ ጨርሶ አግዶታል። ልጄን ከክፉ ዓይን ልጠብቅ ብሎ የልጁን ፎቶና መልእክት ለማያውቁት ድርጅት አሳልፎ መስጠት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ቃላትን እየለቀሙ ለወላጅ ማስጠንቀቂያ የሚልኩ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጡ አፖችም አሉ። እነዚህ ቢያንስ በግልጽ የሚጫኑ ናቸው። የእኛ ቤት ችግር ግን ሌላ ነው። ልጆቻችን አማርኛን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው። «እንዴት ነሽ» የሚለው ብቻ አምስት ስድስት ዓይነት ይጻፋል፤ አንዳንዱ አናባቢውን ሁሉ ጥሎ ይጽፈዋል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ማንቂያ እዚያ ውስጥ ያለውን ማባበያም ሆነ ስድብ አይለይም፣ ዝም ይላል። ዝምታውን ደህንነት አድርጎ መውሰድ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ወላጅ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይገጥመዋል፦ ልጁ የሚጽፈውን የጎዳና እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ቢያነበውም ቀልዱን ከዛቻው አይለየውም።

ቴሌግራምን በኪውአር ኮድ ከራሳቸው ላፕቶፕ ጋር የሚያገናኙ ወላጆችም አሉ። በድብቅ ከሆነ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ አዲስ መሣሪያ እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ለልጁ መልእክት ይልክለታል፤ «ዲቫይስስ» የሚለውን ሲከፍትም የላፕቶፑን ዓይነት ያየዋል። ሁለተኛ፣ ያልተነበበ መልእክት ስትከፍቱ ላኪው ጋ «ተነቧል» ይላል፤ ልጁ ሳይመልስ ሲቀር ከጓደኛው ጋር ይጣላል፣ ምክንያቱንም ይደርስበታል። ሦስተኛ፣ የምታነቡት የእናንተን ልጅ ብቻ አይደለም። ቤቷ ውስጥ ያለውን ችግር ለልጃችሁ ያጫወተች የሰው ልጅ አለች፤ እሷ ለእናንተ አልነገረችም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 16 የሕፃን የግል ሕይወትና የሚጻጻፈው ነገር ያለ አግባብ እንዳይደፈር ይላል። ወላጅ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ ግን ሁሉን የማንበብ ፈቃድ አይደለም።

ስምምነቱ

የሚሠራው መንገድ ልጁ እያወቀ መከታተል ነው። ጊዜው ደግሞ ስልኩ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ስልኩ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ሕግ ሁሉ ለልጁ ቅጣት ይመስለዋል። ዘግይታችሁ ከሆነም ከጥፋት ማግስት አትጀምሩት፤ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ቡና ላይ ጀምሩት። እናትና አባት አስቀድመው ይስማሙ። አንዱ የፈቀደውን ሌላው በጓሮ የሚያነብ ከሆነ ልጁ ከሁለቱም ይሸሻል።

በአንድ ገጽ በእጅ ይጻፍ። ወላጅ ምን ያያል፣ ምን አያይም፣ መቼ ያያል፣ ስልኩ ሌሊት የት ያድራል (ሳሎን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ የወላጆችም ስልክ እዚያው ቢያድር ሕጉ ይጸናል)፣ ስሕተት ሲፈጠር ምን ይሆናል። ከሁሉም የሚበልጠው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ያስፈራህን ነገር ራስህ ካመጣህልኝ ስልክህን አልነጥቅህም።» ልጆች ማስፈራሪያን ከወላጅ የሚደብቁበት አንዱ ምክንያት ስልኩን እንነጠቃለን ብለው መፍራታቸው ነው። ይህን ቃል ከሰጣችሁ ጠብቁት፤ አንድ ጊዜ ካፈረሳችሁት ሁለተኛ አይመጣም።

በዕድሜ ይለያያል። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሱ ስልክ አያስፈልገውም፤ ለደወል ከሆነ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይበቃል። በ11 እና በ12 ዓመት መልእክቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ «አነባለሁ» ተብሎ በግልጽ ተነግሮት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ። ዋትሳፕም ቲክቶክም ኢንስታግራምም ራሳቸው 13 ዓመት ያልሞላውን አይቀበሉም፤ ይህ ለእናንተ ጥሩ ደጋፊ ነው። ከ13 እስከ 15 «ከማን ጋር» የሚለው ይታያል፣ «ምን ተባባሉ» የሚለው አይከፈትም። 16 ሲሞላ የሚቀረው ሴቲንጉን አብሮ መፈተሽና ፖስታው ነው።

ፖስታው ምንድን ነው? ልጁ የስልኩን ፒን፣ የቴሌግራሙን መቆለፊያና ቴሌግራም ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠይቀውን የሁለተኛውን ደረጃ ፓስወርድ በወረቀት ጽፎ በፖስታ ያሽጋል፤ ማሸጊያው ላይ ይፈርማል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሚከፈትባቸው ምክንያቶች በስምምነቱ ላይ በስም ተጽፈዋል፦ ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ፣ ስልኩን ትቶ ከጠፋ፣ አዋቂ ሰው ፎቶ ወይም ቀጠሮ እየጠየቀው እንደሆነ ማስረጃ ከተገኘ፣ ገንዘብ እየተጠየቀ ወይም እየተዛተበት ከሆነ። ከእነዚህ ውጭ አይከፈትም። ከተከፈተ ደግሞ ልጁ በዚያው ቀን ይነገረዋል። የማሸጊያው ፊርማ ለልጁ ዋስትና ነው፤ ሄዶ ማየት ይችላል። የተለመደው እክል ልጁ ፒኑን ቀይሮ ወረቀቱን አለማደሱ ነው። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ራሱ ጽፎ ያሽገው፤ አሮጌውን እሱው ይቅደደው።

ሳምንታዊው መቀመጥ

በሳምንት አንድ ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም። ስልኩን የሚይዘው ልጁ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ፦ መጀመሪያ ግሩፖቹ፣ ቀጥሎ በሳምንቱ የተጨመሩ አዲስ ሰዎች፣ በመጨረሻ «ዲቫይስስ» ውስጥ የማይታወቅ መሣሪያ መኖር አለመኖሩ።

ግሩፕን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጥያቄ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ የኳስ ወሬ እየተባለ ልጆቻችን የሚገቡባቸው ግሩፖች ውስጥ ማንም ሰው አባል ሆኖ የአባላቱን ስም እያየ በኢንቦክስ «ሰላም፣ የስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብሎ መጀመር ይችላል። እንግዳ ሰው ወደ ልጅ የሚደርስበት ሰፊው በር ይህ ነው፤ የክፍል ጓደኞች የሚቀላለዱበት ግሩፕ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ተጻጻፍሽ?» ሳይሆን «ይህን ግሩፕ ማን አስገባሽ? አድሚኑን በአካል የምታውቂው ነው? አሁንም ይጠቅምሻል?» ነው። የማይጠቅመው እዚያው ይወጣበታል። የማይታወቅ ሰው ከጻፈ ፕሮፋይሉ ሲከፈት የጋራ ግሩፖች ይታያሉ፤ ከየት እንደመጣ በዚያ ይታወቃል።

የሚበላሸው መቼ ነው? ወላጁ ስልኩን ከልጁ እጅ ሲወስድ፤ በሴት ልጅ ፕሮፋይል ፎቶ ላይ አስተያየት ሲሰጥ፤ የልብ ምልክት አይቶ ሲስቅ ወይም ሲቆጣ፤ 20 ደቂቃው ስለ ሂሳብ ውጤት ወደ ማውራት ሲሸጋገር። ልጁ ከመቀመጡ ቀን በፊት ባለው ማታ ስልኩን ማጽዳት ከጀመረ ስብሰባው ችሎት ሆኗል ማለት ነው፤ ለሁለት ሳምንት አቁማችሁ ሌላ ነገር እያወራችሁ እንደገና ጀምሩት።

ሴቲንጉ፣ አብራችሁ የምትሠሩት

የቴሌግራሙ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። «ሴቲንግስ» ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ክፈቱ። «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ላይ አድርጉ፤ ከሥሩ የሚመጣውን በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለውን ደግሞ «ማይ ኮንታክትስ» ላይ። «ላስት ሲን»፣ «ፕሮፋይል ፎቶ» እና «ኮልስ» ሁሉም «ማይ ኮንታክትስ»። «ኮልስ» ውስጥ «ፒር ቱ ፒር» የሚል አለ፤ ያንን «ኔቨር» አድርጉት፣ ደዋዩ የልጁን የኢንተርኔት አድራሻ እንዳያገኝ ይከላከላል። «ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ» (ወይም «ኢንቫይትስ») የሚለው ዋናው ነው፤ «ማይ ኮንታክትስ» ካልሆነ ማንም ሰው ልጁን ሳይጠይቅ የፈለገው ግሩፕ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ ፓስወርድ አስገቡ፤ መልሶ ማግኛ ኢሜይሉ በስምምነት የወላጅ ቢሆን ይመረጣል፣ ልጆች ፓስወርድ ይረሳሉና።

ቀጥሎ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድና ጋለሪ ውስጥ እንዳይቀመጥ አጥፉት። የዳታ ብር ይቆጥባል፤ ከዚያ በላይ ግን ልጁ ሳይፈልግ የተላከለት ጸያፍ ምስል ራሱ ተከፍቶ እንዳይጠብቀው ያደርጋል። ዩዘርኔም ለልጅ ምንም አያደርግለትም፣ ይጥፋ። ፕሮፋይሉ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያለበት ፎቶ፣ የአባት ስምና የሰፈር ስም አንድ ላይ አይሁኑ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚቀር ቀዳዳ አለ። ክፍያ የማይከፍል የቴሌግራም ተጠቃሚ እንግዳ ሰው እንዳይጽፍለት ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይችልም። ስለዚህ ልጁ ማወቅ ያለበት ድርጊት አለ፦ ከማያውቀው ሰው መልእክት ሲመጣ አይመልስም፣ ሊንኩን አይነካም፣ ያሳያል። «ነፃ የዳታ ፓኬጅ» የሚለው ሊንክ እና «ኮድ ተልኮልሃል፣ ላክልኝ» የሚለው ጥያቄ ሁለቱም አካውንት መስረቂያ ናቸው፤ ቴሌግራም የሚልከው ኮድ ለማንም አይሰጥም፣ ለአስተማሪም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። ዋትሳፕ ላይ «ግሩፕስ» የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» ማድረግና ያልታወቀ ደዋይን ዝም ማሰኘት ይበቃል። ቲክቶክ «ፋሚሊ ፔሪንግ» አለው፤ የወላጅና የልጅ አካውንት በኪውአር ኮድ ይገናኛሉ፣ ሰዓት መወሰንና መልእክት መዝጋት ይቻላል፣ መልእክቱን ግን ማንበብ አይቻልም። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ አካውንት ቲክቶክ መጻጻፍን ጨርሶ ዘግቶታል፤ ልጁ እየተጻጻፈ ከሆነ ዕድሜውን ጨምሮ ነው የከፈተው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባመጣው የታዳጊዎች አካውንት፣ የሚከታተል ወላጅ ልጁ ባለፉት 7 ቀናት ከማን ጋር እንደተጻጻፈ ስማቸውን ያያል፣ የተባለውን አያይም። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ ሰውን ማወቅና ቃሉን መተው፣ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ የሚሆነው ልክ ይኸው ነው። አይፎን የያዙ ልጆች ዘንድ ደግሞ «ኮሚዩኒኬሽን ሴፍቲ» አለ፤ እርቃን የሚታይበት ፎቶ ሲመጣ ይሸፍነዋል፣ ምርመራው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው፣ ወደ አፕል አይሄድም። ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉት አካውንቶች ራሱ በርቶ ይመጣል፤ ለትልልቆቹ መብራቱን ማረጋገጥ የእናንተ ፈንታ ነው።

የጉግል «ፋሚሊ ሊንክ» መልእክት አያነብም። አፕ ሲወርድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይወስናል፣ ቦታ ያሳያል። በተለይ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ሆና ልጇን አያት ጋ ለምታሳድግ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፈቃዱ ከዚያው ሆና ይሰጣል፣ የልጁ ስልክ ዳታ ሲኖረው ይሠራል። ሳምንታዊውን መቀመጥ ግን በቪዲዮ አትሞክሩት። አያት ስለ ሴቲንግ ካላወቁ አጎት ወይም አክስት፣ ልጁ ራሱ የመረጠው ሰው፣ ያንን 20 ደቂቃ ይያዝ። ፖስታው አያት ዘንድ ይቀመጥ።

ስልኩ የእናት ሲሆን

ብዙ ቤት ልጁ የራሱ ስልክ የለውም፤ የክፍሉ ግሩፕ የገባው በእናቱ ቴሌግራም ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ልጁ የአዋቂ መልእክት ያያል፣ ጓደኞቹ ለእሱ የጻፉትን እናት ታነባለች፣ አስተማሪው የላከው የቤት ሥራ በዕድር ወሬ መሃል ይጠፋል። ለልጁ በእናቱ ስም የወጣ ሁለተኛ ሲም ካለ በዚያ ቁጥር እዚያው አፕ ውስጥ ሁለተኛ አካውንት ይከፈትለት። እናት የራሷን ባንክና ቴሌብር ለልጁ በማይነገር ፒን ትቆልፍ። ለሁለቱም ክብር ይሰጣል። ጓደኞቹም የሚጻጻፉበት ስልክ የጋራ እንደሆነ ከልጁ ቢሰሙ ጥሩ ነው፤ የሚጽፉትን መርጠው ይጽፋሉ።

ከባድ ነገር ስታገኙ

አስቀድሞ ከባድ ያልሆነውን ልለይ። የ15 ዓመት ልጅ የፍቅር መልእክት፣ ስለ አስተማሪ የተጻፈ ምሬት፣ ስለ እናንተም የተጻፈ ስሞታ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። አይታችሁ ከሆነ እንዳላያችሁ አትምሰሉ፤ ግን ክስ አታድርጉት። ባልተስማማንበት ነገር ቅጣት የለም።

ከባዱ ሌላ ነው፦ አዋቂ ሰው የሰውነት ፎቶ ሲጠይቅ፣ የተላከውን ፎቶ ይዞ «ገንዘብ ካልላክሽ ለትምህርት ቤትሽ እበትነዋለሁ» ሲል። የመጀመሪያዋ ሰዓት ወሳኝ ናት። ልጁ ላይ አትጩኹ። ለዚያ ሰው በልጁ ስም አትመልሱ፣ አትዛቱበትም፤ የነቃ እንደሆነ መላውን ቻት ከሁለቱም ስልክ አጥፍቶ ይሄዳል፣ በእጃችሁ የሚቀር የለም። ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። ቅደም ተከተሉ ማስረጃ፣ ሪፖርት፣ ብሎክ ነው። ብሎኩን ማስቀደም የተለመደ ስሕተት ነው።

ማስረጃ ሲባል፦ ፕሮፋይሉ፣ ዩዘርኔሙ፣ ቁጥሩ የሚታይ ከሆነ ቁጥሩ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የጋራ ግሩፑ ስም፣ ገንዘብ የተጠየቀበት የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር። ዩዘርኔም በማንኛውም ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል ያኔውኑ ይያዝ። ሲክሬት ቻትና አንዴ የሚታይ ፎቶ ስክሪንሾት ሊከለክሉ ወይም ለላኪው ሊያሳውቁ ይችላሉ፤ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። የልጁን እርቃን ምስል ግን አታንሱ፣ ለዘመድም ለጠበቃም አትላኩት፤ ባለበት ስልክ ላይ ይቆይና ፖሊስ ራሱ ይመልከተው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ሕፃናትን የሚያሳይ የወሲብ ምስል መያዝንና ማስተላለፍን ከልክሎ፣ ሕፃንን በመልእክት ወይም በምስል ለወሲብ ማባበልን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ወደ ፖሊስ ስትሄዱ አንቀጹን ጠቅሳችሁ ሂዱ።

ምስሉ ኢንተርኔት ላይ እንዳይሰራጭ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናትን የሚመለከተው የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል ያዘጋጀው ነው፤ ከየትም አገር ይሠራል። ምስሉ ከስልኩ አይወጣም፤ የሚላከው ከምስሉ የተሠራ የቁጥር አሻራ ብቻ ነው፣ የተባባሪዎቹ ድረ ገጾችና አፖች በዚያ አሻራ እየለዩ ያወርዱታል። አሜሪካ ላላችሁ የዚሁ ማዕከል ስልክ 1-800-843-5678 ነው፤ እስራኤል ላላችሁ ደግሞ ልጆችን ከኢንተርኔት ጥቃት የሚከላከለው የአገሩ መስመር 105 ነው።

እስካሁን በድብቅ ስታነቡ ከቆያችሁ

ተናገሩ። ልጁ ራሱ ሳይደርስበት በፊት፣ በአጭሩ። «ፈርቼ ስልክሽን ያለ ፈቃድሽ አንብቤያለሁ። ልክ አልነበረም። ያነበብኩበትን አፕ ዛሬ አብረን እናጠፋዋለን።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ ልጁን የእናንተ አጽናኝ ያደርገዋል፤ እናንተንም ወደ ክርክር ይከታችኋል። ያነበባችሁት ውስጥ ያለውን ነገር በዚያ ቀን አታንሱ።

ከዚያ አፑን አብራችሁ ንቀሉት። መጀመሪያ «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ ገብታችሁ ፈቃዱን አንሱ፣ የስልኩ አስተዳዳሪ ተደርጎ ከሆነ ያንንም፤ እነዚህ ሳይነሱ ብዙዎቹ አልጠፋ ይላሉ። አፑ ሲጠፋ ፕሌይ ፕሮቴክትን መልሱና ስልኩን ያስፈትሸው። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ አስወጡ። ፓስወርዱን ልጁ ብቻውን፣ እናንተ ፊታችሁን መልሳችሁ፣ ይቀይረው። በዚያው ምሽት ፖስታ አምጡና ጽፎ ያሽገው።

ልጁ በበኩሉ ስምምነቱን የሚያፈርስበት ቀንም ይመጣል፤ ሌሊት ስልክ ይዞ ይተኛል፣ የተደበቀ አካውንት ይገኝበታል። ቅጣቱ ቀን ይኑረው፦ ለምሳሌ ለሁለት ሳምንት ስልኩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሳሎን ያድራል፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ነበረው ይመለሳል። ማብቂያው የማይታወቅ ቅጣት ልጁን ጓደኛው ስልክ ላይ አካውንት ወደ መክፈት ነው የሚወስደው፤ እዚያ ደግሞ ሴቲንጉን የሚያየው የለም። የፖስታው ሕግ በቅጣት ጊዜም አይነካም። 18 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻው ፖስታ ከነማሸጊያው ይመለስለታል።